«ደንገል» የሚለኝን ሱፐርቫይዘር ምን ላድርገው?

የካሸር ወንበር
(ጥያቄ፣ መጋቢት መጀመሪያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት)

ሰላም ለሁላችሁ። ስሜን አልጽፍም። ባህር ዳር ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት።

ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ካሸር ነኝ። ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። ደሞዜ 4,500 ብር ነው። ቲፕ ሲጨመር ጥሩ ወር ላይ 6,000 ይጠጋል። ጥሩ ወር የሚባለው ጥምቀትና የሠርግ ሰሞን ነው። ጾም ሲገባም አሳ ስለሚሸጥ አይከፋም። (አሳ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወው። እኔ ቢል እቆርጣለሁ እንጂ አልፈርድም።)

ችግሬ ሱፐርቫይዘሩ ነው። ከመጣ ዓመት አልሞላውም። የባለቤቱ የሚስት ወገን ነው ይሉታል። እኔ ረጅምና ቀጭን ነኝ። ገና በገባ በሳምንቱ «ደንገል» ብሎ ጠራኝ፣ ሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ረጅም ሸምበቆ መሰል ተክል ማለቱ ነው። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የተሸወድኩት እዚያ ላይ ይመስለኛል። አንዴ ከሳቅሽ በኋላ በሁለተኛው ቀን መቆጣት አስቸጋሪ ነው፤ «ትናንት ስትስቂ አልነበር?» ይሉሻል።

አሁን ከአስተናጋጅ እስከ ጥበቃ ስሜ ደንገል ነው። እንግዳ ፊት «ሂሳቡን ደንገሏ ጋ ክፈሉ» ይላል። ባለፈው አንድ ደንበኛ መልሱን ስሰጠው «አመሰግናለሁ ደንገል» አለኝ። እውነተኛ ስሜ መስሎት ነው እኮ! ክፋት የለበትም ሰውዬው፣ ሃያ ብር ቲፕ ሁሉ ትቶልኛል። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ስም ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ማታ ስወጣ ገንዘቡን የማስረክበው ለእሱ ነው። አብረን ቆጥረን መፈራረም ነበረብን። እሱ ግን «ሂጂ ሂጂ፣ ባጃጅ ያመልጥሻል፣ እኔ እቆጥረዋለሁ» ይለኛል። መጀመሪያ ደግነት መስሎኝ ነበር። ጠዋት ስመጣ ጉድለት አለ። ጥቅምት ላይ 180 ብር። ታኅሣሥ 340። ያለፈው ወር 620። ሁሉም ከደሞዜ ተቆረጠ። የፈረምኩበት ወረቀት የለም።

የሠራተኛ ቴሌግራም ግሩፕ አለን፣ የሥራ ፕሮግራም የሚወጣበት። ወንበሬ ላይ ሳዛጋ ያነሳኝን ፎቶ እዚያ ለጠፈው። ከሥሩ «ደንገል ነፋስ ሲነካው» ብሎ ጻፈበት። ግሩፑ ውስጥ 41 ሰው አለ። 23ቱ የሳቅ ምልክት አደረጉ። ማን ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ሥራዬ መቁጠር አይደል።

አንድ ቀን ለብቻው ጠብቄ «እባክህ በስሜ ጥራኝ» አልኩት። በማግስቱ ፕሮግራም ሲወጣ ሙሉውን ወር ማታ ሆኛለሁ። የምኖረው ከአባይ ድልድይ ማዶ ነው። በዚያ ሰዓት ባጃጅ ኮንትራት ካልሆነ አይሻገርም። የኮንትራቱን ዋጋ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። «ቀልድ አታውቂም እንዴ? ሰውዬው ተጫዋች ነው» አለኝ። እናቴ «እንጀራሽ ነው፣ ቻይው» አለችኝ።

እኔን የጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ይሄ ነገር ስሙ ምንድን ነው? አልመታኝም። ለሌላ ነገርም አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝማ ስም አለው፣ ትንኮሳ ይባላል፣ በሬዲዮም ይወራል። የኔው ምን ይባላል? የት ሄጄ ምን ደረሰብኝ ልበል? «ደንገል አለኝ» ብዬ? ወይስ እኔ ነኝ ሆደ ባሻ የሆንኩት?

የሽምብጥ ልጅ

እህቴ፣ ሐቁን ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። ጊዜው ለሥራ ለቃቂ አይመችም። እኔ ወደ ዘጌ እንግዳ የማመላልስ ጀልበኛ ነበርኩ። ጠዋት ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ከሰዓት አዝዋ ማርያም፣ ማታ ኪሴ ሙሉ። አሁን ጀልባዬ ታስራ ትውላለች፣ እኔም ባጃጅ ይዣለሁ። ከነምግቡ 4,500 የሚከፍል ቤት በቀላሉ አታገኚም።

ስም ደግሞ አይገድልም። እኔን ሠፈሩ በሙሉ «ጉማሬ» ነው የሚለኝ፣ ሆዴን አይቶ። ስቄ አልፋለሁ።

የገንዘቡ ነገር ግን ሌብነት ነው። እሱን አትለፊው። ደግሞ ስለ ኮንትራቱ ዋጋ ያልሽው ነካኝ፣ ቤንዚን እኮ በጥቁር ገበያ ነው የምንገዛው።

ጡረተኛው የሰው ኃይል

ልጄ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ኃይል አስተዳደር ላይ ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። አብዛኛው ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ ሆቴልም ትንሽ ቀምሻለሁ። ሆደ ባሻ አይደለሽም። እንዲያውም ቶሎ ነው የጠየቅሽው። እኔ ዘንድ የሚመጡት ከለቀቁ በኋላ ነበር።

ሕጉ ለዚህ ነገር የብቻው ስም አላወጣለትም፣ እውነትሽን ነው። ጾታዊ ትንኮሳን አሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ በስሙ ጠርቶ ተርጉሞታል። ያንቺው የሚገባው «ሰብዓዊ ክብር» ከሚለው ሥር ነው። አንቀጽ 12 አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። አንቀጽ 32 ደግሞ አሠሪው ክብርሽንና ሞራልሽን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመብሽ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችያለሽ ይላል። በሌላ ጊዜ ሠራተኛ ሲለቅ 30 ቀን ቀድሞ ማሳወቅ አለበት። በዚህኛው መንገድ የወጣ ግን የስንብት ክፍያና ካሳ አለው። ባንቺ ደሞዝ በግርድፉ ላስላው። ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር፣ 4,500። ለሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት የወሩ ሲሶ ሲሶ፣ 1,500 እና 1,500። ካሳው የ30 ቀን፣ 4,500። ወደ 12,000 ብር ይመጣል፣ ትርፍ ሁለት ወሯን ሳልቆጥር።

ይሄን ሰምተሽ ግን ነገ ተነሥተሽ እንዳትወጪ። አንደኛ፣ በዚህ ምክንያት የመልቀቅ መብት የሚቆየው ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካበቃ በኋላ ለ15 የሥራ ቀናት ብቻ ነው፣ አንቀጽ 33። ሁለተኛ፣ የምትለቂበትን ምክንያትና ቀን በጽሑፍ ማሳወቅ አለብሽ። በቃል የወጣ ሰው «ጠፋች» ነው የሚባለው። ሦስተኛው አዋጁ ላይ በግልጽ አልተጻፈም፣ ከልምዴ ነው። አሠሪው «ያደረገው አንድ ሠራተኛ ነው፣ እኔ መች ሰማሁ» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ መስማቱን በወረቀት አስሪው። ለሥራ አስኪያጁ አቤቱታ ጻፊ፣ በሁለት ቅጂ። አንዱን ስጪ፣ ሌላው ላይ «ደርሶኛል» አስብለሽ አስፈርሚ። ስንቱ ሠራተኛ ጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጦ «በቃል ነግሬው ነበር» ሲል ሰምቻለሁ መሰለሽ! እኔም ያኔ የድርጅቱ ሰው ነበርኩና «በቃል የተባለ አናውቅም» እለው ነበር። እንግዲህ ይቅር ይበለኝ።

ደብተር ግዢ። ስልክ ላይ አትጻፊው፣ ስልክ ይሰረቃል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያላትን ቃል እንዳለች፣ ማን አጠገብሽ እንደነበረ ጻፊ። «ሁልጊዜ ይሰድበኛል» የሚል ዳኛ ፊት አይቆምም። «መጋቢት 3፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ አራተኛው ጠረጴዛ ላይ እንግዳ እያለ እንዲህ አለኝ» የሚል ይቆማል። የቴሌግራሙን ፎቶ ሳይጠፋ ስክሪንሹት አንሺው፣ የለጠፈበት ቀንና ስሙ እንዲታይ አድርገሽ።

ገንዘቡ ከስሙ ይልቅ ይቀላል፣ ከሱ ጀምሪ። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልፈቀደ፣ ወይም አንቺ በጽሑፍ ካልተስማማሽ፣ ደሞዝ አይቆረጥም፣ አንቀጽ 59። ስትስማሚም ከወር ደሞዝሽ ሲሶ መብለጥ የለበትም። የደሞዝ ጥያቄ ደግሞ ስድስት ወር ካለፈው በይርጋ ይታገዳል፣ ጊዜው አልፏል ተብሎ አይታይልሽም ማለት ነው፣ ቀኑን ቁጠሪ።

ሥራና ሥልጠና መምሪያ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አለ፣ መጀመሪያ እሱን አናግሪ። ፍርድ ቤት ብትሄጂም ለሥራ ክርክር የዳኝነት ገንዘብ አይከፈልም። ዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ማመልከቻ ይጽፉልሻል። የሥራ ልምድ ወረቀት ይከለክሉኛል ብለሽም አትፍሪ። ሥራ ላይ እያለሽም ብትጠይቂ በነፃ መስጠት ግዴታቸው ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ካልፈለግሽ አትመልሺልኝ። «ደንገል» ያለሽ ቁመትሽን አይቶ ብቻ ነው?

የወጥ ቤቷ እትዬ

እታለም፣ እኔ ጡረተኛው ጋሼ «አትውጪ» ያሉትን ያደረግሁ ሰው ነኝ።

ዋና ሼፉ ነበር የኔው። ጭልፋ ይወረውር ነበር። ሰው ላይ አይደለም፣ ግድግዳ ላይ፣ ግን ከጆሮሽ አጠገብ ነው የሚያልፈው። አንድ አርብ፣ የአሳ ጉላሽ ትእዛዝ ተደራርቦ ባለበት ሰዓት፣ ሽርጤን ፈትቼ ማጠቢያው ውስጥ ወረወርኩና ወጣሁ። ደስ ማለቱ! እስከ ጊዮርጊስ ድረስ በእግሬ፣ በዘንባባው ሥር፣ እየሳቅኩ ሄድኩ።

ከዚያ ቤቴ ተቀመጥኩ። ሽማግሌ ይልካሉ ብዬ። ስምንት ዓመት ያበሰልኩላቸው ሰው ነኝ፣ አይተዉኝም ብዬ። አንድ ወር አለፈ። የላኩት የቀሪ ማስጠንቀቂያ ነበር፣ አንድ ሳይሆን ሁለት። ቢሮ ስሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ ወጣሽ? በጽሑፍ አሳወቅሽ?» ሆነ። የቀረችኝን የአሥራ አንድ ቀን ደሞዝ ብቻ ተቀብዬ ወጣሁ።

ልትወጪም ከሆነ ወረቀትሽን ይዘሽ ውጪ።

ነበርኩ

ይሄን ለመጻፍ ሁለት ቀን አመነታሁ። እኔ እንደዚያ ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። የአስተናጋጆች ካፒቴን ሆኜ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፣ እዚሁ ከተማ።

ለሁሉም ስም አወጣ ነበር። ዓይነ ደካማዋን «ባትሪ»፣ ከገጠር የመጣውን ልጅ «ጎተራ»። ሰው ሲስቅ የወደደኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው የሚስቁት ተራው እንዳይደርሳቸው ነው። ከኔ በላይ ያለው ሰው ደግሞ በየስብሰባው እኔን ያዋርደኝ ነበር። ይሄን ለምክንያት አላቀርበውም፣ እንዲያው ነገሩ እንዲህ ነበር ለማለት ነው።

አንድ የምትጠቅምሽ ነገር ልንገርሽ። ሰው ፊት አትመልሺለት። ሰው ፊት ብትመልሺለት ተመልካች አለው፣ ይብስበታል። እኔን ያቆመችኝ አንዲት አስተናጋጅ ናት። በተሳደብኩ ቁጥር ኪሷ ውስጥ ካለች ትንሽ ወረቀት ላይ ሰዓቷን አይታ ትጽፋለች። አትናገርም። ምን እንደምትጽፍ ጠየቅኳት። «ማስታወሻ ነው» አለችኝ። እንቅልፍ አጣሁ።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ፣ «ባጃጅ ያመልጥሻል» የሚለውን ብልሃት አውቀዋለሁ። አላደረግኩትም፣ ግን አውቀዋለሁ። ሳትቆጥሪ አትውጪ።

የካሸር ወንበር
(ከ22 ቀን በኋላ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዝም ያልኩት ሳላነብ ቀርቼ አይደለም።

መጀመሪያ ለጋሼ ጡረተኛው ጥያቄ። አይደለም፣ ቁመቴን አይቶ ብቻ አይደለም። የሽምብጥ ልጅ፣ አንተን ጉማሬ ያለህ ሰው ሆድህን ነው ያየው። የኔ አባት ታንኳ ሠሪ ነው። ደንገል ከሐይቁ እያጨደ፣ እያደረቀ፣ እያሠረ ነው ያሳደገን። የኛ ወገን ሰው በዚህች ከተማ ምን ሲባል እንደኖረ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ እዚህ አልጽፈውም። እሱም ያውቃል። አንድ ቀን ለሠራተኛ የአሳ ዱለት ቀርቦ ልንበላ ስንል «ለሷ ለብቻዋ ሰሃን አምጡላት» አለ። ማንም አልሳቀም ያን ቀን። ሁሉም ወደ ሰሃኑ ብቻ አየ። ሰሃኑ መጣልኝ። በላሁበት።

መጀመሪያ ስጽፍ ይሄን አስቀርቼ ቅጥነቴን ብቻ ያወራሁት አፍሬ ነው።

የሆነውን ልንገራችሁ። ደብተሩን በ60 ብር ገዛሁ። በዚያው ምሽት «ሂጂ፣ ባጃጅ ያመልጥሻል» ሲለኝ «ዛሬ ወንድሜ በሞተር ይወስደኛል፣ ውጭ ቆሟል» አልኩት። ወንድም የለኝም። አብረን ቆጠርን። እጄ እየተንቀጠቀጠ አንዱን ጥቅል ሁለቴ ቆጠርኩት። 15 ብር ትርፍ ተገኘ! ትርፍ! አስፈረምኩት። ከዚያ ወዲህ በሠራሁባቸው 19 ምሽቶች አንድም ቀን ጉድለት የለም።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጀሁ። ጸሐፊዋ «እኔ ነገር ውስጥ አልገባም» ብላ አልፈርምም አለች። አልፈርድባትም፣ ልጅ አላት። ለሥራ አስኪያጁ ለራሱ በእጁ ሰጠሁት፣ የደብዳቤውንም ፎቶ በቴሌግራም ላኩለት፣ ማየቱን የሚናገረውን ሁለት ምልክት አሳየኝ። በሦስተኛው ቀን ጠራን። ሽማግሌ እንዲሆኑ ብሎ የልብስ ንጽሕናውን ኃላፊ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ አስቀመጣቸው። ሱፐርቫይዘሩ «ቀልድ ነው፣ እንደ እህቴ ነው የማያት» አለ። ሽማግሌው ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «እህትህን ማን ብለህ ነው የምትጠራት?» አሉት። የእህቱን ስም ተናገረ። «እሷም እንዲሁ ስም አላት» አሉት። ከሁሉም በላይ ያቺን ቃል ነው የማስታውሳት።

ይቅርታ አለኝ፣ ጫማዬን እያየ። ፎቶው ከግሩፑ ጠፋ። 620ው ብር በዚህ ወር ደሞዝ ተመለሰልኝ። የቀረው 520 ብር «ይታያል» ተብሏል።

በስሜ ግን አይጠራኝም። ደንገልም አይለኝም። «አንቺ» ነው የሚለኝ። ፕሮግራሜ አሁንም ማታ ነው። ጥበቃው ብቻ ስወጣ በሙሉ ስሜ፣ ከነአባቴ፣ «ደህና እደሪ» ይለኛል። አውቆ ነው መሰለኝ።

ጡረተኛው የሰው ኃይል

ጎሽ ልጄ። የሰሃኗን ነገር ደብተርሽ ላይ ጽፈሻታል? ቆይታለች አትበይ፣ ከምታስታውሽው ቀን ጋር፣ ማን ማን እንደነበረ ጨምረሽ ጻፊያት። እሷ ከሌላው ትለያለች። ሠራተኛን በብሔር መለየት አንቀጽ 14 በግልጽ ከከለከላቸው ውስጥ ነው። «ቀልድ ነው» የሚባል መሸፈኛ አይሠራላትም። ደብዳቤሽ ላይ ካላስገባሻት ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፊ።

«ይታያል» ስላሉሽ 520 ብር ደግሞ አትዘናጊ። 180ዋ የተቆረጠችው የጥቅምት ደሞዝ ላይ ነው ብለሻል። ስድስት ወሩ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ይሞላል። እያዩልሽ ይርጋው ይደርሳል፣ ይሄን ጨዋታ አውቀዋለሁ፣ ተጫውቼዋለሁ። መምሪያው መቼ ትሄጂያለሽ?

የካሸር ወንበር

ሰሃኗን ጽፌያታለሁ፣ ገጽ አንድ ላይ ናት። ማን ማን እንደነበረ አልጨመርኩም፣ ዛሬ እጨምራለሁ። ስድስት ነበርን።

ማታ ገቢ ስለሆንኩ ጠዋቱ የኔ ነው። ነገ 3 ሰዓት ላይ እሄዳለሁ።

የሽምብጥ ልጅ

ከማዶ ነው አይደል የምትመጪው? 2 ሰዓት ተኩል ላይ ድልድዩ ጋ እጠብቅሻለሁ፣ ሰማያዊ ባጃጅ፣ ከኋላዋ የጀልባ ስዕል አለባት። ኮንትራት አላስከፍልሽም። ስለ ስም ያልኩትንም ተይው።